ምስክርነቴን መልሱልኝ

መጀመሪያ ልናገር፤ ድኛለሁ። ሙሉ በሙሉ አይደለም። ትኩስ ሻይ ስጠጣ ጉንጬ አሁንም ይቀላል፣ የቀትር ፀሐይ ሲያገኘኝ ይለበልበኛል። ግን ድኛለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች ያለው በሙሉ በንዴት የተጻፈ ስለሆነ ነው። አንባቢ «ይቺ ሴት ገና አልተሻላትም መሰለኝ» ብሎ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። የምፈልገው ቦርሳውንና መሳቢያውን ከፍቶ፣ ቆዳው ላይ የሚቀባውን ነገር አንዴ እንዲያይ ነው።

መሠረት እባላለሁ። ኮልፌ ተወልጄ ኮልፌ ያደግሁ፣ እዚያው 18 ማዞሪያ አካባቢ ከባለቤቴ ከሰለሞንና ከእናቱ ጋር የምኖር፣ ቤቴል ባለ አንድ ሙአለ ሕፃናት የማስተምር ሴት ነኝ። የምናመልከው ደግሞ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንድ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ነው። የባለቤቴ እናት ግን የጎጃም ሰው፣ የጸና ኦርቶዶክስ ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። በሃይማኖት አንስማማም፤ በጨው መጠንም አንስማማም። በፍቅር ግን እንኖራለን።

ሕመሙ የጀመረው ከክርኔ መታጠፊያ ነው። የሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ አቧራው አልጋችን ድረስ የሚገባበት በጋ ነበር። አሳከከኝ፣ አከክሁት። ወደ አንገቴ ወጣ። ከዚያ ሁለቱም ጉንጮቼ ቀልተው ሻከሩ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ፈንገስ ነው ብሎ የሚቀባ ሰጠኝ፣ ባሰብኝ። ሁለተኛው አለርጂ ነው አለና መርፌ ወግቶኝ እንቁላል፣ ቲማቲምና ዓሣ ከለከለኝ። ዓሣ እንኳ ሳይከለክለኝ በፊትም በዓመት አንዴ ባየው ነው። ሦስተኛው ደሜን መርምሮ ታይፎይድ አገኘብኝ። በእኛ ሰፈር ጣታችሁን በር ቢቆርጣችሁም ደም ከሰጣችሁ ታይፎይድ ይገኝባችኋል። የወጣውን ወጪ መዘርዘር አልፈልግም፣ ባወራሁት ቁጥር እንደገና የምከፍል ይመስለኛል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በየክሊኒኩ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን እያየሁ ግማሽ ቀን ስጠብቅ ኖሬ፣ ከሦስቱ አንዱም ቆዳዬን በእጁ ነክቶ አላየኝም። ሁሉም ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው ነው የጻፉልኝ።

እህት ወይንሸት የመጣችው እዚህ ላይ ነው። ወይንሸት ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት፣ 18 ማዞሪያ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት የኮስሞቲክስ ሱቅ አላት። እናቴ ስትሞት ለቀስተኛውን ስታስተናግድ የሰነበተችው እሷ ነበረች። የታመመ ሰው ካለ ሳትጠየቅ ትሄዳለች። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልደረሰ፤ ክፉ ሰው የሰጠንን ማን ይቀባል?

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፊቴን አየችና እጄን ይዛ ሱቋ ወሰደችኝ። ከባንኮኒው ሥር ነጭ ክዳን ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ አወጣች። ስም የለበትም፣ ቀን የለበትም፣ ማን እንደሠራው አይታወቅም። «እሬትና ማር ነው፣ ትንሽ ቫዝሊን አለበት። ጸልዬበታለሁ» አለችኝ። እኔም አሜን ብዬ ተቀበልኩ። እኛ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋርማሲ የመጣ ሁሉ ኬሚካል ነው፣ ያስፈራል፣ ወረቀቱ ይነበባል። እህት በእጇ የሰጠችን ነገር ግን አይጠየቅም። ምን እንዳለበት መጠየቅ እምነት ማጉደል ይመስለናል።

ሳምንት ሳይሞላ ፊቴ ጠራ። ማጋነን አይደለም፤ እንደ ሕፃን ቆዳ ሆነ። ማሳከኩ ጠፋ፣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ሰለሞን ቀና ብሎ ያየኝ ጀመር። በሚቀጥለው እሑድ ምስክርነት አለኝ ብዬ ስሜን አስመዘገብኩና መድረክ ላይ ወጣሁ። ያለኝን ሁሉ በሐኪሞች ላይ ጨርሼ እንዳልዳንኩ፣ እግዚአብሔር ግን በእህት ወይንሸት እጅ እንደዳሰሰኝ እያለቀስኩ ተናገርኩ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ከፊት ወንበር ያሉ ልጆች በስልካቸው ቀረጹኝ። ወይንሸት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ታለቅስ ነበር። ከልቤ ነበር የተናገርኩት፣ ዛሬም ያንን ቀን ሳስበው የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ቅባቱ አለቀ። አልቆ ብዙም ሳይቆይ ፊቴ መንደድ ጀመረ። የድሮው ማሳከክ አይደለም፣ እሳት ነው። ሌላ ዕቃ ወሰድኩ፣ ጠፋልኝ። ተውኩት፣ ተመለሰ። እየቆየ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር መጣ። ጉንጬ ላይ ቀጫጭን ቀይ ክር የሚመስሉ ደም ሥሮች ወጡ፣ አገጬ ዙሪያ ብጉር ፈላ፣ ኖሮኝ የማያውቅ ስስ ፀጉር ጉንጬ ላይ በቀለ። ቆዳዬ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ። ወይንሸትን ስጠይቃት «አታቋርጪው፣ እያወጣልሽ ነው» አለች።

ለምን አልተውሽውም የሚለኝ ሰው ጉባኤው ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ የዳንኩ ሴት ነበርኩ። በየእሑዱ በር ላይ ሰላም የሚለኝ ሁሉ ፊቴን አይቶ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። የዳነች ሴት እንዴት ትታመማለች? ብታመም የዋሸሁት እኔ ነኝ ወይስ የዋሸው ማን ነው? ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፈር አድርጌ እቀባ ነበር፣ እሑድ እንዲያበራ። ሰለሞን መልካም ሰው ነው፤ እሱ እንኳ አንድ ቀን ታከተውና «ወይ አምነሽ ተረጋጊ፣ ወይ ሐኪም ጋ ሂጂ። መሃል ላይ ሆነሽ እኔንም አታሳብጂኝ» አለኝ። እማማ ደግሞ ጠበል ካልወሰድኩሽ ብለው ያዙኝ። እምቢ አልኳቸው። ለሁሉም እምቢ ያልኩበት ዘመን ነበር።

የገላገሉኝ ልጆቹ ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ይሉኝታ አያውቅም። አንዷ ተማሪዬ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ፊቴን ስትመረምር ቆየችና «ሚስ፣ ፊትሽን ማን ቆነጠጠሽ?» አለችኝ። በማግሥቱ የአንድ ልጅ እናት ለዳይሬክተሯ፣ መምህሯ የሚተላለፍ በሽታ አለባት ብላ ተናገረች። ዳይሬክተሯ በትሕትና አነጋገረችኝ። የማይተላለፍ መሆኑን ሐኪም እስኪያረጋግጥ ድረስ ቤትሽ ዕረፊ አለች። ልጆቼን ሳልሰናበት ወጣሁ። እስከ ታክሲው ድረስ በማስኬ ሥር እያለቀስኩ ሄድኩ፣ እንባውም ራሱ ፊቴን ያቃጥለኝ ነበር።

የመንግሥት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሰልፍ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ገና ሳይነጋ ነው የሚያዘው። አግዳሚው ላይ በመደዳ የተቀመጥነው ሴቶች ሁላችንም በማስክና በሻሽ ተሸፋፍነናል፣ ማንም ማንንም አያይም። ፀሐይዋ ስትወጣ ፊቴ ይነድ ጀመር። አጠገቤ የነበረች ከገጠር የመጣች ሴት ምንም ሳትጠይቀኝ የቀጠሮ ካርዷን አውጥታ ታራግብልኝ ጀመር። እጇ ሲደክማት በሌላው እጇ። ተራዋ ደርሶ እስክትገባ ድረስ አራገበችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ማስኬን አስወልቃ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝና በጣቷ ጉንጬን ነካች። በዚያ ሁሉ ጊዜ የመጀመሪያዋ እጅ ነበረች።

«ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?»

«ምንም። እሬትና ማር ብቻ።»

«እሬት እንዲህ አያደርግም» አለች። ዕቃውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ከፍታ አየችውና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ዕቃው አይነግረኝም፣ ስም የለውም። ፊትሽ ነው የሚነግረኝ። ይሄ ስቴሮይድ ነው፣ ጠንካራው ዓይነት።»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። መጀመሪያ የነበረብኝ ችፌ ነበር፣ የማይተላለፍ የቆዳ ቁጣ። ስቴሮይድ ያንን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ጠንካራው ዓይነት ደግሞ ወፍራም ቆዳ ላይ፣ በስሱ፣ ለአጭር ጊዜ ነው የሚቀባው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ ደም ሥሩን ያሰፋል። ቆዳውም ይለምደውና ሲያጣው ይነድዳል። እኔ በሽታው ተመለሰ ብዬ ደጋግሜ የቀባሁት፣ ራሱ ቅባቱ ያመጣውን እሳት ለማጥፋት ነበር።

ታዲያ መርዝ ነው በይኛ አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«መርዝማ አይደለም፤ ጥሩ መድኃኒት ነው። በጊዜው መጥተሽ ቢሆን ለክርንሽ እኔው ራሴ አዝዝልሽ ነበር። የትና እስከ መቼ እንደምትቀቢው ግን እነግርሽ ነበር። ያልነገረሽ ሰው ነው የጎዳሽ።»

ከዚያ ፊቴ ላይ መቀባቱን እንዳቆም፣ ሳይሻለኝ በፊት እንደሚብስብኝ፣ ያኔም ሮጬ ወደ ዕቃው እንዳልመለስ አስጠነቀቀችኝ። የሚዋጥ መድኃኒትና ሽታ የሌለው ቫዝሊን አዘዘችልኝ። ለትምህርት ቤቱም የማይተላለፍ መሆኑን ጻፈችልኝ።

እንዳለችውም ባሰብኝ። ዓይኔ እስኪጠፋ አበጥኩ፣ ቆዳዬ እየተላጠ ትራሴ ላይ ይቀር ነበር፣ ፈሳሽ ያዠኝ ነበር። ዳይሬክተሯ ወረቀቱን ብትቀበልም በዚያ ፊት ልጆች ፊት መቆም አልቻልኩም። ሲመሽ ፍርሃት ይይዘኛል። እንዲህ ሆኜ ብቀርስ እላለሁ። ሐኪሟ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጊበት ብላኝ ነበርና እማማ ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጠው ጨርቁን እየነከሩ ፊቴ ላይ ያኖሩልኛል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ውሃው በቢጫ ጀሪካን የመጣ ነው፤ የቧንቧችን ውሃ ደግሞ በዚያ ሰሞን ጠፍቶ ነበር። ከየት እንደቀዱት አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ቀዝቃዛ ነበር፣ ይበቃል።

ትንሽ ቀና ስል ወይንሸት ሱቅ ሄድኩ። ከባንኮኒው ጀርባ ወዳለችው ጓዳ ሳልጠየቅ ገባሁ። ሳፋ ውስጥ ቫዝሊን ተገልብጧል፣ ከአጠገቡ ተጨምቀው ያለቁ የመድኃኒት ቱቦዎች ተከምረዋል። እሬት የሚባል ነገር አንድ ቅጠል የለም። ልትዋሽ እንኳ አልሞከረችም።

«ሐኪሞቹ የሚያዙት ያንኑ አይደል እንዴ መሲዬ? እኔ ሰልፉን ነው ያስቀረሁላችሁ» አለችኝ።

ፊቴን ከፍቼ አሳየኋት። ዞር አለች። ከዚያ ስልኳን አነሳችና ያንን ቪዲዮ ከፈተችው። እኔ ነኝ፣ መድረክ ላይ፣ ፊቴ እያበራ፣ እያለቀስኩ። «ደግሞም ሰው የሚመጣው በእኔ አይደለም። በአንቺ ምስክርነት ነው።» ፊቴን መልሼ ሸፍኜ ወጣሁ። ማዞሪያው ጋ ቆሜ ታክሲው ሞልቶ ሲሄድ፣ ሌላው ሲሞላ አያለሁ። ስንት ሰው በእኔ ቃል ያንን ነገር ገዛ የሚለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

መልሱ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ቤዛ የምትባል የመዘምራን ልጅ አለች፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች። ልትጠይቀኝ ቤት መጣችና ሕፃኗን አቀፍኳት። ሶልያና ትባላለች፣ ገና ዓመት አልሞላትም። ጉንጮቿ ክብ ብለዋል፣ ተወጥረው ያብረቀርቃሉ። ሰው ሁሉ ልጅቷን ባየ ቁጥር «እሰይ፣ ጡትሽ ተስማማት» እያለ እናቲቱን ሲያመሰግን ከርሟል። እኔ ግን ጉንጮቿ ላይ የራሴን ስስ ፀጉር አየሁት። እግሮቿን ስነካቸው ቀጫጭን ናቸው። ምን ትቀቢያታለሽ አልኳት። ቤዛ ፈገግ ብላ ከዳይፐር ቦርሳዋ ነጭ ክዳን ያለውን ዕቃ አወጣች።

«ችፌ ወጥቶባት ነበር። አንቺ ስትመሰክሪ ሰምቼ ነው የጀመርኩላት። ካጠብኳት በኋላ ሁሌ መላ ሰውነቷን ነው የምቀባት» አለችኝ።

ዕቃውን ወስጄ ልወረውረው ነበር። ሐኪሟ «መርዝማ አይደለም» ያለችኝን አስታውሼ፣ እሷው ትየው ብዬ ነው የተውኩት። በማግሥቱ ቤዛንና ልጇን ይዤ እዚያው ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ሕፃኗን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠና የሕፃናት ሐኪም አስጠራች። ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ጉንጭ ውፍረት አልነበረም። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ መድኃኒቱ ሰርጎ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነው ያሳበጣት። ሰውነቷም ራሱ ያመርተው የነበረውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ማምረቱን ትቷል። እንኳን በድንገት አላቆምሽው አሏት፤ በድንገት ቢቆም ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። አስተኟት። ቤዛ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ እኔን ታየኝ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህንን ያነበበ ወላጅ ሁሉ እዚህ ጋ ይቁም። ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ሲቀባ ከከረመ፣ ደንግጦ አይጣለው። ዕቃውን ይዞ ሐኪም ጋ ይሂድ። ሐኪም በስሙ ጽፎ ያዘዘለትን ደግሞ የእኔን ታሪክ ሰምቶ አይተወው፣ ተዉት ብላለች የሚል ሰው ካለ ዋሽቶብኛል። እኔ ዛሬም ክርኔ ሲያገረሽ የምቀባው ስቴሮይድ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ስም አለው፣ እስከ መቼ እንደምቀባው ተጽፎበታል፣ ስቀባው አልፈራም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሄድኩ። ምስክርነቴን ማስተካከል እፈልጋለሁ አልኩ። በደንብ ሰሙኝ፣ አዘኑ፣ ጸለዩልኝም። ከዚያ ነገሩ ጥበብ ይፈልጋል አሉኝ። የሰው እምነት እንዳይናወጥ፣ የእህታችን ስም እንዳይጠፋ፣ በቢሮ ደረጃ ቢያዝ ይሻላል አሉ። ስድን መድረክ ሰጥተውኛል፣ ስታመም ቢሮ ሰጡኝ። እግዚአብሔር ላይ አልተቆጣሁም፣ እሱ ስለ ቱቦ አልዋሸኝም። የተቆጣሁት ስሙን ክዳን አድርገው በገጠሙት ሰዎች ላይ ነው።

ሳምንታት አለፉ፣ ቢሮው ዝም አለ። ሱቁ ክፍት ነበር። ስለዚህ አንድ እሑድ ለአስተባባሪው የፈውስ ምስክርነት አለኝ ብዬ ስሜን ሰጠሁ። አልዋሸሁም፣ እየዳንኩ ነበር። የተላጠ ፊቴን ሳልሸፍን መድረክ ላይ ወጣሁና ማይኩን ያዝኩ። ባለፈው እዚህ ቆሜ ያልኳችሁ ልክ አልነበረም፣ እሬትና ማር አልነበረም፣ ያለ ሐኪም የማይቀባ ጠንካራ መድኃኒት ነበር አልኩ። ይሄን የመሰለ ዕቃ ያላችሁ፣ በተለይ ልጆቻችሁን የምትቀቡ ብዬ ስጀምር ማይኩ ዝም አለ። የድምፅ ክፍሉን ቀና ብዬ አየሁት፣ ልጁ አንገቱን ደፋ። የሙአለ ሕፃናት መምህር ነኝ፤ ድምፄ ያለ ማይክም ይደርሳል። የቀረውን ሁሉ ጨርሼ፣ ሕፃን ሆስፒታል መተኛቷንም ተናግሬ ወረድኩ።

እልልታ አልነበረም። አንድ ሰው ከልማድ አሜን አለ። ወይንሸት ሁለተኛው ረድፍ ላይ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ እንዳጎነበሰች ነበረች። አምልኮው አልቆ ከግቢው በስተጀርባ ቧንቧው ጋ ስቆም ግን አንዲት ሴት መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ። ዙሪያቸውን እያዩ፣ በሹክሹክታ፣ «ያልሽው ሆስፒታል በየት በኩል ነው?» ይሉኛል። አንዷ ልጇን ታቅፋ ነበር።

ሶልያና ከሆስፒታል ወጥታለች። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሱላት ነው፣ ጉንጯም ጎድሏል። አሁን ሰው ሁሉ «ምነው ከሳችብሽ?» እያለ ቤዛን ያስጨንቃታል። ቤዛ ግን «እሰይ በሉ» እያለች ትመልሳለች። ለእኔም ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ አጠር ያለ። እኔ ወደ ትምህርት ቤቴ ተመልሻለሁ። ያቺ ተማሪዬ ጉንጬን ዳሰሰችና «አሁን ለቀቀሽ» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። በመጀመሪያው እሑድ ስልኮች ሁሉ ወደ እኔ ተነስተው ነበር። በሁለተኛው እሑድ አንድም ሰው ስልኩን አላነሳም፣ ያኔ ያልኩት የትም አልተቀረጸም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሱቁ ዛሬም ክፍት ነው። ቪዲዮው ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፣ የማላውቃቸው ሰዎች ዘንድ ይደርሳል። ምናልባት እናንተም ጋ ይመጣ ይሆናል። መድረክ ላይ የቆመች፣ ፊቷ የሚያበራ፣ ከደስታዋ ብዛት የምታለቅስ ሴት ታያላችሁ። ከልቧ ነው የምትናገረው። ድኛለሁ ትላችኋለች። አትመኗት። እኔ ነኝ።